ውኃውን ጨርሶ የሞቀ ሞተር፦ ከመፍታት በፊት የሚደረግ ምርመራ



ሰውና እህል ጭኖ ከሮቢት ወደ ወልዲያ የሚወጣ ሚኒባስ በመንገድ ላይ ሞቆ ውኃውን ቢጨርስ፣ ባለንብረቱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ሞተሩ ተርፏል?» መልሱ የአንድ ቤተሰብ መተዳደሪያ የተንጠለጠለበት በመሆኑ በግምት ሊሰጥ አይገባም።

በመጀመሪያ ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ እንመልከት። በ1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ውኃ በ95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ጤነኛ የራዲያተር ክዳን መፍሊያውን ወደ 115 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ክዳኑ ከላላ ይህ ጥበቃ ይጠፋል። ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ቢጨምር 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የአሉሚኒየም ቴስታታ 0.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ይለጠጣል፤ ከሥሩ ያለው የብረት ብሎክ የሚለጠጠው ግን የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል የሚጨነቀው ጓርኒሲዮኑ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። የሙቀት ጠቋሚው የሚለካው የውኃውን ሙቀት ነው። ውኃው ከመለኪያው በታች ሲጎድል መለኪያው በእንፋሎት ውስጥ ይቀርና መርፌው ሊወርድ ይችላል። ሾፌሩ «በረደ» ብሎ ጉዞውን ሲቀጥል ብረቱ እየጋለ ይሄዳል። ስለዚህ የመርማሪው የመጀመሪያ ጥያቄ «መርፌው የት ደረሰ?» ብቻ ሳይሆን «ከዚያ በኋላ ምን ያህል ተነዳ?» የሚልም መሆን አለበት።

ምርመራው ሞተሩ በራሱ ጊዜ ከቀዘቀዘ በኋላ ይጀመራል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ በትኩሱ ክዳን መክፈትም ሰው ያቃጥላል።

አንደኛ፣ ውኃው በየት እንደወጣ በግፊት መሞከሪያ እንፈልግ፤ ቱቦ፣ ፓምፕ፣ ራዲያተር። ሁለተኛ፣ ዘይቱን በመለኪያ ዘንጉ እንይ፤ ወተት መምሰሉ ውኃ መግባቱን ያመለክታል። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ የሚታይ ጥቂት አረፋ ግን ከተራ ጤዛ ሊመጣ ይችላል። ሦስተኛ፣ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውኃው መግባቱን በሰማያዊው መሞከሪያ ፈሳሽ እናረጋግጥ፤ ወደ ቢጫ ከተለወጠ ጋዝ አለ። አራተኛ፣ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን እንለካ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። ጥቂት ዘይት ሲጨመርበት የሚሻሻል ሲሊንደር ደግሞ ወደ ፋሻው ያመለክተናል።

ቴስታታው የሚወርደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሲወርድም ቀጥነቱ በማስመሪያና በስስ መለኪያ ተፈትሾ ከአምራቹ ወሰን ጋር ይነጻጸራል።

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ብቻውን ሞተሩን አይኮንነውም፤ የአንዱ አለመታየትም ነጻ አያወጣውም። ፍርዱ የሚሰጠው ማስረጃዎቹ ሲስማሙ ነው። ውኃው የጎደለበት ምክንያት ሳይገኝ አዲስ ጓርኒሲዮን መግጠም ግን ባለንብረቱን ለሁለተኛ ወጪ ማዘጋጀት ነው።