የጎጀብ ደለልና የባዶ ስፍራ ኃይል



በቦንጋ አካባቢ የውኃ ሥራ የሚያካሂድ መሐንዲስ በክረምት ከጎጀብ ወንዝ አንድ ብርጭቆ ውኃ ቀድቶ ቢያስቀምጥ፣ አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፤ ደቃቁ ሸክላ አፈር ግን ሳይጠልል ቀናት ሊቆይ ይችላል። ቅንጣቶቹ ሁሉ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ይገፋፋሉ። አሉሚኒየም ሰልፌት ወይም የተወቀጠ የሽፈራው ዘር ሲጨመርበት ሙላቸው ይከስማል፤ ተያይዘውም ይረጋሉ። ለመሆኑ ሙላቸውን ያጡትን ቅንጣቶች የሚያሳስባቸው ምንድን ነው?

በሆላንድ አገር በፊሊፕስ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ኦቨርቤክ ይህን የመሰለ ጉዳይ ሲያጠና፣ የቅንጣቶች መሳሳብ ርቀት ሲጨምር በዘመኑ ይታመን ከነበረው ይልቅ ፈጥኖ መድከም እንዳለበት ተገነዘበ። ካሲሚርና ፖልደር እ.ኤ.አ. በ1948 ምክንያቱን አስረዱ፤ ብርሃን ከአቶም ወደ አቶም ለመድረስ ጊዜ ይወስዳልና። በዚያው ዓመት ካሲሚር፣ ከኒልስ ቦር ባገኘው ፍንጭ፣ ነገሩን ሙል በሌላቸው ሁለት የብረት ሰሌዳዎች ላይ አዋለው። ባዶ የሚባለው ስፍራ ፈጽሞ የማያርፍ የሞገድ ንዝረት ስላለበት ሰሌዳዎቹ ይሳሳባሉ።

ሒሳቡ ግን መሐንዲስን የሚያስደነግጥ ነው፤ የሞገዶቹ ኢነርጂ ቢደመር ማለቂያ የለውም። ካሲሚር ድምሩን በአንድ የኢነርጂ ወሰን ላይ ቆረጠው፤ ወሰኑ ወዲህም ወዲያም ቢል ውጤቱ አልተለወጠም። እጅግ አጫጭር ሞገዶች ሰሌዳውን ዘልቀው ስለሚያልፉ በመካከልም በውጭም እኩል ናቸው፤ ልዩነቱ ሲወሰድ ይጣፋሉ። የሚተርፈው፣ ክፍተቱ 1 ማይክሮሜትር ሲሆን፣ 0.0013 ፓስካል ግፊት ብቻ ነው። ክፍተቱ በግማሽ ቢጠብ 16 እጥፍ ያድጋል። ላሞሮ እ.ኤ.አ. በ1997 ወርቅ በተቀቡ ገጾች መካከል ኃይሉን ለክቷል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ቀመሩ በ10 ናኖሜትር ክፍተት ከአየር ግፊት የሚበልጥ ቁጥር ይሰጣል፤ ያን ቁጥር አምኖ ጥቃቅን የሲሊከን ጥርሶችን የሚነድፍ ሰው ይሳሳታል። ወርቅ ከ140 ናኖሜትር ገደማ በታች ያጠሩ ሞገዶችን እንደ ቀድሞው አይመልስም። ወሰኑ የሒሳብ ብልሃት መሆኑ ቀርቶ የማዕድኑ ጠባይ ሆነ፤ ኃይሉም ቀመሩ ከሚለው እጅግ ያንሳል።

ሊፍሺትዝ እ.ኤ.አ. በ1955 ስሌቱን በዚሁ በቁሱ ጠባይ ላይ መሠረተው፤ በ1961 ደግሞ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በመካከል ፈሳሽ ሲገባ የሚሆነውን ጨመረበት። ውኃ በሸክላው ቅንጣቶች መካከል ሲገባ መሳሳቡን ያላላዋል፤ አያጠፋውም። በብርጭቆው ውስጥ የሽፈራው ዘር መንገዱን ከጠረገለት በኋላ ደለሉን ወደ ታች የሚሰበስበው ይኸው የተረፈ ኃይል ነው።