ስለ ፒያሳ አሮጌ ቤቶች



ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ገደማ የተቆረቆረች ወጣት ከተማ ስለሆነች፣ ታሪክ የላትም የምንል ብዙዎች ነን። ነገር ግን የሐይቁ ዳር መንደር ከተማ ሲሆን በፒያሳ የተሠሩት የጭቃ ቤቶች ታሪኳ ናቸው። ግድግዳቸው እንጨት፣ ጭቃና ጭድ፣ ጣራቸው ቆርቆሮ፤ ፊታቸው ሱቅ፣ ጀርባቸው መኖሪያ ነው። በረንዳው መንገደኛውን ከዝናብ ያስጠልላል፤ ወፍራሙ ጭቃ የቀትሩን ሙቀት ያዘገያል። «ፒያሳ» የሚለው ስም ከጣሊያንኛ ቢመጣም፣ ጥበቡ የአገራችን አናጢና መራጊ ነው።

እርግጥ ነው፣ የጭቃ ቤት ምስጥ ይበላዋል፤ ነዋሪውም የተሻለ ቤት ይገባዋል። ስለዚህ አይፍረስ ብለን አንሟገትም። ከመፍረሱ በፊት ግን ሜትርና እርሳስ ይዘን እንለካው፤ እንሣለው፤ ሽማግሌዎቹንም እንጠይቅ። ቤቱ ቢሄድ ልኩ ይቀመጥልን።