መልስ ያላገኘው ደብዳቤና የለንደኑ ሐኪም



ለምረቃው የጋበዙኝ የይፋግ መምህራን «ኤምባሲ ውስጥ የሠራ ሰው በሰው አገር ምን ሲሠራ እንደሚውል ለልጆቹ ይንገሩልን» ነው ያሉኝ። በቴሌቪዥን የምታዩት ምንጣፉን፣ ባንዲራ ያለበትን መኪናና የሹመት ደብዳቤ ሲቀርብ ነው። እሱም አለ፤ አልክድም። ግን ለአንድ ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ቨርባል ኖት፣ ማለትም ለአገሩ መንግሥት የሚላክ ይፋዊ ወረቀት፣ ትጽፋለህ፤ ፓስፖርቷን አሠሪዋ የነጠቀቻትን ልጅ በሊሴ ፓሴ፣ ማለትም በፓስፖርት ምትክ በሚሰጥ ወረቀት፣ ትሸኛለህ፤ እስር ቤት ደጃፍ ላይ ወረፋ ትጠብቃለህ። ከዚሁ ከሊቦ ከምከም የሚደውል አባት በእኩለ ሌሊት «የልጄ አስከሬን መቼ ይመጣልኛል?» ብሎ ይጠይቅሃል። እሱን ስልክ ያነሳ ሰው ግብዣ ላይ ምን እንደበላ አያስታውስም።

ሥራውን ለማስረዳት ግን ከራሴ ይልቅ የእናንተን አገር ታሪክ ብነግራችሁ ይሻላል። አያቶቻችሁ ይፋግን የሚያውቋት በገበያዋ ነው። አሞሌ፣ ጥጥ፣ ቡና የጫነው ነጋዴ ከጎንደር በእንፍራዝ አድርጎ ወደ ደብረ ታቦር ሲያልፍ እዚህ ያርፍ፣ ቀረጥም ይከፍል ነበር። በዘመነ መሳፍንት ማብቂያ ላይ ሥልጣኑ ጎንደር ከተቀመጡት ነገሥታት ወጥቶ ደብረ ታቦር በከተሙት በራስ ዓሊ እጅ ስለነበር የባሕር ማዶ መልእክተኛም የሚፈልገው እሳቸውን ነው።

የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን በጥቅምት 1842 ዓ.ም. ራስ ዓሊን የወዳጅነትና የንግድ ውል አስፈረመ። ራሱ ጽፎ እንደተወው፣ ድንኳኑ ውስጥ ጸሐፊው ውሉን ሲያነብ ራስ ዓሊ ስለ ፈረስ ያወሩ ነበር። ንባቡ ሲያልቅም ጉዳት እንዳላዩበት፣ ግን በ10 ዓመት ውስጥ አንድ የእንግሊዝ ነጋዴ እንኳ ይመጣል ብለው ስለማያስቡ ምን እንደሚጠቅም እንዳልገባቸው ነገሩት። እኔ አልስቅባቸውም። ብዙ ፊርማ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ስለ ፈረስ የሚያወራ ጠፍቶ አያውቅም።

ፕላውደን በ1852 ዓ.ም. ጎንደር አጠገብ ሸፍተው በነበሩ ሰዎች ተወግቶ ሞተ፤ በምትኩ ካሜሮን የሚባል ቆንስል መጣ። በዚያን ጊዜ ነግሠው የነበሩት አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ሰጡት። የጠየቁት ወዳጅነትና የሚልኳቸው መልእክተኞች ቱርክ በያዘው በር በሰላም እንዲያልፉ መላ እንዲፈለግላቸው ነው። ደብዳቤው በዚያው ዓመት የካቲት ለንደን ገባ። ከዚያ ከዓመት በላይ መልስ የጻፈለት የለም። ክፋት ነበር ወይ? አይመስለኝም። በእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዓይን ኢትዮጵያ ሩቅና ትንሽ ጉዳይ ነበረች፤ የማያስቸኩል ወረቀት ደግሞ ሌላ ወረቀት ይጫነዋል። ካሜሮንም መልስ ሳይዝ፣ በዚያ ላይ ንጉሡ እንደ ጠላት በሚያዩት በግብፅ ግዛት ከሰላ ድረስ ዞሮ ተመለሰ። በ1856 ዓ.ም. በሰንሰለት ታሰረ።

መልሱን በመጨረሻ ያመጣው ሆርሙዝድ ራሳም ነው፤ የሞሱል ተወላጅ፣ ከዚያ በፊት በነነዌ ፍርስራሽ የጊልጋሜሽ ታሪክ የተጻፈባቸውን የሸክላ ሰሌዳዎች በቁፋሮ ያወጣ ሰው። ምጽዋ ላይ ፈቃድ ሲጠብቅ ከዓመት በላይ ተቀምጦ በጥር 1858 ዓ.ም. ንጉሡ ፊት ቀረበ። በክብር ተቀበሉት፤ እሱ ቆራጣ ጣና ዳር ሰፍሮ፣ እሳቸው ከማዶ ሆነው ይጻጻፉ ነበር። ግን መሽቶ ነበር። ሚያዝያ ላይ እሱም ተያዘ፤ ጋፋትና ደብረ ታቦር ከርሞ መቅደላ ወጣ። ጋፋት ላይ ስለተሠራው፣ 7 ቶን ገደማ ስለሚመዝነው ሴባስቶፖል መድፍ፣ ለእናንተ አልነግርም፤ እናንተ ናችሁ ለእኔ የምትነግሩኝ። እስረኞቹን ለማስፈታት የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ መጣ፤ ንጉሡም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሕይወታቸውን በእጃቸው አሳለፉ።

ተመራቂዎች፣ ከእናንተ አብዛኛው አምባሳደር አይሆንም። ቀበሌ፣ ጤና ጣቢያ፣ ወረዳ ፍርድ ቤት ትገባላችሁ። ጠረጴዛችሁ ላይ ግማሽ ቀን በእግሩ የመጣ ገበሬ ማመልከቻ ይቀመጣል። «አይሆንም» ብትሉት ተቆጥቶም ቢሆን ሌላ በር ይፈልጋል። «ነገ ና» ስትሉት ግን ሰውየውን አስራችሁ አስቀመጣችሁት። እኔ በዚህ ጉዳይ ምሕረት የለኝም፤ በመሥሪያ ቤቴም ወጣቶቹ አይወዱኝም ነበር።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። መቅደላ ሲወድቅ ከፍርስራሹ መካከል የ3 ዓመት ገደማ ሕፃን ተገኘ። የጎንደር ልጅ ነው፣ ወርቅነህ እሸቴ። አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ህንድ ወሰደው፤ እሱ ሲሞት ሌላ መኮንን አስተማረውና ስሙ ቻርልስ ማርቲን ሆነ። ላሆር ላይ ሕክምና ተማረ፣ ስኮትላንድ ላይ አጠናቀቀ፣ በርማ ላይ ሠራ። የአድዋን ድል የሰማው እዚያ ሆኖ ነው። አዲስ አበባ ሲገቡ አማርኛው ጠፍቷቸው ነበር፤ አያታቸው በክንዳቸውና በእግራቸው ጠባሳ ለዩዋቸው። ከዚህ በኋላ እኛም እንደ አገሩ «ሐኪም ወርቅነህ» እንበላቸው።

እኚህ ሰው ለእናንተ ጎረቤትም ናቸው። በ1920 ዓ.ም. አሜሪካ ተልከው በጣና መውጫ ላይ ግድብ ስለመሥራት ከጄ. ጂ. ዋይት ኩባንያ ጋር የተነጋገሩት እሳቸው ናቸው። ዜናው ሲወጣ ለንደን ተደናገጠች፤ በዓባይ ውኃ ላይ በ1894 ዓ.ም. ከአፄ ምኒልክ ጋር የተፈራረመችው ውል ነበራትና። ግድቡ ከጥናት አላለፈም። ሐኪም ወርቅነህ ግን በዚያው ጉዞ ኒውዮርክ ሃርለም ገብተው ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ጋብዘው ተመለሱ።

በ1927 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ በ70 ዓመት ገደማ ዕድሜያቸው፣ ባለሙሉ ሥልጣን ሚኒስትር ሆነው ለንደን ተሾሙ። ጦሩ በሕፃንነታቸው በወሰዳቸው አገር መንግሥት ዘንድ የአገራቸው ቃል አቀባይ ሆኑ ማለት ነው። በዚያው ሰሞን ብሪታንያ ለኢትዮጵያም ለኢጣሊያም መሣሪያ እንዳይሸጥ አገደች። እኩልነት ይመስላል፤ ኢጣሊያ የራሷ ፋብሪካ ነበራት፣ እኛ አልነበረንም። ለጋሲዮኑ፣ ማለትም እሳቸው የሚመሩት የኢትዮጵያ ጽሕፈት ቤት፣ ከየአገሩ «እንዝመት» ከሚሉ ሰዎች ደብዳቤ ይጎርፍለት ነበር። የእንግሊዝ ሕግ ዜጎቹ በሌላ አገር ጦር እንዲመለመሉ አይፈቅድምና ሽማግሌው አመስግነው ከመመለስ በቀር አቅም አልነበራቸውም። መድኃኒትና ገንዘብ መለመን ግን ይቻላል፤ ለመኑ። በየአዳራሹ ቆመው ተናገሩ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተያዘች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጋሲዮኑ በጀት የሚልክለት ሚኒስቴር የለውም። በሩ ግን አልተዘጋም። ሁለት ልጆቻቸው፣ እንግሊዝ አገር የተማሩት ቢንያምና ዮሴፍ፣ ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ዘምተው ነበር፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቶች ገደሏቸው። አባት ለንደን ነበሩ። በእኛ ሙያ ቨርባል ኖት የሚጀምረው ክብርን በመግለጽ፣ የሚያልቀውም ክብርን በመግለጽ ነው። ልጆቹ የተገደሉበት ሰው ያንን ዓይነት ወረቀት እንዴት እንደሚጽፍ በሥራ ዘመኔ ሁሉ አስቤ አልደረስኩበትም።

በኅዳር 1931 ዓ.ም. የብሪታንያ መንግሥት ለኢጣሊያ ወረራ ሙሉ እውቅና ሰጠ። በዚያን ሰሞን አፄ ኃይለ ሥላሴ ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለውን ኩባንያ የኢትዮጵያን መንግሥት ገንዘብ እንዲከፍል ከሰው በይግባኝ ላይ ነበሩ። ፍርድ ቤቱ የኢትዮጵያ ንጉሥ ብሎ መንግሥት የሚያውቀው ማንን እንደሆነ ማወቅ ነበረበት። ቴዎድሮስን ከዓመት በላይ ያስጠበቀው ያው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በዚህ ጊዜ አልዘገየም፤ የኢጣሊያ ንጉሥ ነው አለ። ክሱ ወደቀ።

ሐኪም ወርቅነህ ከነጻነት በኋላ አገራቸው ገብተው በ1945 ዓ.ም. አረፉ።

ከመካከላችሁ ወደዚህ ሥራ መግባት የሚፈልግ ካለ እንግሊዝኛና ዓረብኛ ያጥና፤ ፈረንሳይኛ ቢጨምር አይጠላም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማስታወቂያ ሲያወጣ «ከይፋግ ማን ይቀበለኛል» ብላችሁ እንዳትቀሩ። ወላጆቻችሁ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ስማችሁ እስኪጠራ እየጠበቁ ነውና እኔም ልቀመጥ።