የመብራት ሒሳብ በቁርጥ ይሁን ወይስ በቆጣሪ?

(በሠፈራችን መረዳጃ ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር)



እንደምታውቁት በሠፈራችን ብዙ ተከራይ የራሱ ቆጣሪ የለውም። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቆጣሪ፣ ሦስትና አራት ቤት ይጠቀማል። አሁን አንዳንድ አከራዮች «በየወሩ ቢል ይዘን ከምንጨቃጨቅ፣ ለዓመት የሚቆይ ቁርጥ ዋጋ እንዋዋል» የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ከተከራይ ወገን ደስ ያለው አለ፤ የከፋውም አለ። ማኅበራችን አስታራቂ እንጂ ዳኛ አይደለም። ቢሆንም ማንም ከመፈረሙ በፊት ሒሳቡን አብረን እንየው።

ቁርጥ ዋጋ አዲስ ነገር አይደለም። መስመር ባልደረሰባቸው የገጠር ከተሞች ባለጄነሬተሮች በአምፖል ቁጥር ያስከፍሉ ነበር። ያን ጊዜ የየቤቱ ዕቃ አምፖል ብቻ ስለ ነበረ ብዙም አያጣላም። ዛሬ ግን ምጣድ አለ፣ ምድጃ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ።

ቆጣሪ የሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። እንግዲህ አንድ ሰዓት ሲሠራ ሦስት ተኩል ይቆጥራል ማለት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት የሚጋገርበት ቤት በአራት ሳምንት 56 ይፈጃል። በአንጻሩ ባለ 10 ዋት ሦስት ቆጣቢ አምፖሎች በቀን አምስት ሰዓት ቢበሩ በወር አራት ተኩል ብቻ ናቸው። ባለ 60 ዋት ቴሌቪዥን በቀን አራት ሰዓት ቢከፈት ሰባት ያህል ነው። ስለዚህ ምጣድ የሌለው ቤት 12 ያህል፣ ምጣድ ያለው ደግሞ 68 ያህል ይወስዳል። ታዲያ ሁለቱን እኩል ቁርጥ ማስከፈል አንዱን በሌላው ኪስ ማኖር ነው።

ሁለተኛው ነገር ታሪፉ ነው። የቤት ታሪፍ እስከ 50፣ እስከ 100፣ እስከ 200 እያለ በደረጃ ይወጣል። ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። በ2011 ዓ.ም. ታሪፉ ሲሻሻል እስከ 50 በሚጠቀሙት ላይ ጭማሪ አልተደረገም ነበር፤ አነስተኛውን ተጠቃሚ ለመደገፍ ታስቦ ነው። በጋራ ቆጣሪ ግን ይህ ድጋፍ ይጠፋል። ሁለት ባለምጣድና አንድ ምጣድ የሌለው ቤት ሲደመሩ 148 ይሆናሉ፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ይወጣሉ። የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ከሦስቱ አንዱም እዚያ አይደርስም ነበር።

ሦስተኛው የጊዜው ነገር ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ ለአራት ዓመት፣ በየሦስት ወሩ ጥቂት በጥቂት እንዲጨምር ተወስኗል። ለዓመት ቁርጥ የሚዋዋል አከራይ የሚመጣውን ጭማሪ ሁሉ ገምቶ ከዛሬው ዋጋ ላይ መደመሩ አይቀርም። ተከራዩ የነገውን ዋጋ ዛሬ ይከፍላል። ግምቱ ካነሰ ደግሞ አከራዩ ይከስራል፤ በተለይ ለጥምቀት እንግዳ ወደ ጎንደር ሲጎርፍና ምጣዱ ውሎ ሲያድር «ቤቱን ልቀቅልኝ» ይመጣል። ይኼ ለማንም አይበጅም።

ከዚህ በመነሣት የጽሕፈት ቤታችን ምክር የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ምጣድም ምድጃም የሌለው ቤት ቁርጡን ቢቀበል አይጎዳም። ይሁን እንጂ ውሉ ከሦስት ወር አይብለጥ፤ ታሪፉ ሲለወጥ እንደገና ይታይ።

ሁለተኛ፣ ምጣድ ያለው ቤት፣ በተለይም እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት፣ ቁርጥ አትቀበል። ቁርጡ ከበዛ ትርፏን ይበላል፤ ካነሰ «ምጣድ አታብሪ» ትባላለች፣ እንጀራዋ ይቋረጣል። በባለሙያ ንዑስ ቆጣሪ ይገጠምላት። የቢሉ ብር ለጠቅላላው ኪሎዋት ሰዓት ይካፈልና እሷ በተጠቀመችው ይባዛል። ይኼ አከራይንም ተከራይንም አያስቀይምም።

ሦስተኛ፣ ቁርጥ የሚዋዋሉ በጽሑፍ ይዋዋሉ። የትኛው ዕቃ እንደሚሠራ፣ መብራት ለቀናት ቢጠፋ ምን እንደሚቀነስ፣ ቢል ሳይከፈል ቀርቶ መስመር ቢቆረጥ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ይጻፍ።

አራተኛ፣ ቁርጥ የከፈለ ሰው «ከፍያለሁ» ብሎ ማጥፋቱን ይረሳል። አንድ ምጣድ 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ሁለቱ ባንድ ጊዜ ሲበሩ 32 ነው። የቆየ ሽቦ ይህን አይችልም፣ እሳት ያስነሣል። ስለዚህ በአንድ ግቢ ምጣድ በተራ ይሁን።

አቅም ያለውና ባለቤቱ የፈቀደለት ደግሞ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት አመልክቶ የራሱን ቆጣሪ ቢያስገባ ከሁሉም የተሻለ ነው።

ለማንኛውም ለመፈረም አትቸኩሉ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ከሚመጣው ወር መጀመሪያ እስከ ማብቂያው አከራይና ተከራይ አብራችሁ ቆጣሪውን አንብቡ፣ በየቤቱ ያለውን ዕቃ መዝግቡ። መደመርና ማካፈል ለሚያስቸግረው ቢሉን ይዞ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ማኅበሩ ቤት ይምጣ፤ አብረን እንሠራዋለን። ከዚያ በኋላ ቁርጥም ይሁን ቆጣሪ፣ እያወቃችሁ የተዋዋላችሁት ይሆናል።



የማኅበሩ ጸሐፊ