ከደቦ እስከ ወንፈል፦ ነፃ ስርዓተ ክወናን ለይቶ ስለ ማቆም

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ንግግር፣ አምቦ)



የመመረቂያ ሥራ የሚያቀርቡ ተማሪዎችን በየዓመቱ አማክራለሁ። ከሚቀርቡልኝ ርእሶች መካከል «የራሳችንን ስርዓተ ክወና መሥራት» የሚለው የሚቀርበት ዓመት የለም። ሐሳቡን አላጣጥለውም። ይሁን እንጂ ሥራው ሲጀመር አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው የጀርባውን ሥዕል መለወጥ፣ ስሙን መቀየርና በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የሰላምታ ቃል መጨመር ነው። ምረቃው ሲያልፍ ሥራውም አብሮ ያልፋል። ስለዚህ ዛሬ ልመልሰው የምሞክረው ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ በጎ ፈቃደኞች ተሰባስበው አንድን ነፃ ስርዓተ ክወና ከነባሩ ለይተው ለብቻው ሲያቆሙ፣ ያን ሥራ በሕይወት የሚያቆየው ምንድን ነው? ለእኛስ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ለምንኖረው ምን ያስተምረናል?

ጥያቄው የመማሪያ ክፍል ጨዋታ አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን ይጠይቃል። ከሆለታ እስከ ባኮ ባለው መንገድ ዳር የሚገኙትን የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራዎችና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች አስቡ። ገና በደህና የሚሠሩ ስንት ኮምፒውተሮች በአንድ ቀን «ያረጁ» ተባሉ? ማሽኑን የገዛነው እኛ ነን፤ ዕድሜውን የወሰነው ግን ሌላ ነው።

ነፃ ማለት ምን ማለት ነው?

በአማርኛ «ነፃ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ይሸከማል፦ ያለ ክፍያ የተገኘና ከባርነት የወጣ። እዚህ የምንነጋገረው ስለ ሁለተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን ጂኤንዩ የተባለውን ፕሮጀክት ሲያውጅ ዓላማው ተጠቃሚው ፕሮግራሙን እንደፈለገ እንዲያሠራ፣ አሠራሩን እንዲመረምርና እንዲለውጥ፣ እንዲያባዛ፣ የለወጠውንም ለሌሎች እንዲያካፍል ማስቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስ የተባለውን የስርዓቱን አስኳል አወጣ፤ በ1993 ደግሞ ኢያን መርዶክ ዴቢያንን መሠረተ። ዴቢያን እስከ ዛሬ በበጎ ፈቃደኞች የሚመራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውና በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ የተጀመረው ኡቡንቱም የዴቢያን ልጅ ነው።

ከእነዚህ ነፃነቶች የመጨረሻውን ልብ በሉት። የለወጡትን የማካፈል መብት ካለ፣ ከነባሩ ተለይቶ የራስን ሥርዓት የማቆም መብትም አለ። ባለሙያዎች ይህን «ፎርክ» ይሉታል። አንዳንዶች «መገንጠል» ብለው ሲተረጉሙት እሰማለሁ፤ እኔ ግን «ጎጆ መውጣት» ማለቱን እመርጣለሁ። ጎጆ የወጣ ልጅ ከወላጆቹ ቤት ዘርና በሬ ይዞ ይወጣል፤ የራሱን ምድጃ ያነድዳል፤ ዝምድናው ግን አይቋረጥም። የፎርክም ነገር ይኸው ነው። ኮዱን ይዞ ይወጣል፤ ታሪኩን ይዞ ይወጣል፤ የወላጁን መልካም ሥራም መቀበሉን ይቀጥላል።

ይዞት የማይወጣው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ስም ነው። ፈቃዱ ኮዱን ይሰጣል እንጂ የንግድ ምልክቱን አይሰጥም። ዴቢያን ራሱ ፋየርፎክስን በራሱ መንገድ እያሻሻለ ለማሰራጨት ሲል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል «አይስዊዝል» በሚል ሌላ ስም ለማቅረብ ተገድዶ ነበር። አዲስ ስም ማውጣት እንግዲህ የፎርክ ግዴታ ነው፤ የተማሪዎቻችን ስሕተት ስሙን የሥራው መጨረሻ ማድረጋቸው ነው።

ሁለት ጎጆ ወጪዎች

የመጀመሪያው ምሳሌዬ ዴቩዋን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ዴቢያን ሲስተምዲ የተባለውን ፕሮግራም መደበኛ ማስነሻው አድርጎ መረጠ። ይህ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ሲነሣ ቀድሞ የሚነቃና ሌሎቹን አገልግሎቶች የሚያስተዳድር ነው። ተቃዋሚዎቹ ለአንድ ፕሮግራም ይህን ያህል ሥልጣን መስጠት አይገባም፣ ተጠቃሚውም ምርጫ ሊኖረው ይገባል አሉ። ክርክሩ ሳይስማማቸው ሲቀር በዚያው ዓመት ኅዳር መጨረሻ ላይ ጎጆ መውጣታቸውን አወጁ። ክርክሩ ማን እንዳሸነፈ ለዛሬ አያሳስበንም። የሚያሳስበን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የመጀመሪያው የተረጋጋ ዕትም የወጣው በግንቦት 2017 ነበር፤ ከአዋጅ እስከ ፍሬ ሁለት ዓመት ተኩል ፈጅቷል።

እንዴት ዘለቁ? ሁሉንም አዲስ ለመሥራት ባለመሞከራቸው ነው። በዴቢያን ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቅሎች አሉ። ዴቩዋኖች አብዛኞቹን ሳይነኩ ከዴቢያን እንዳሉ ይወስዳሉ፤ የሚለውጡት ከሲስተምዲ ጋር የተቆራኙትን ብቻ ነው። ሁለቱን ምንጮች አዋሕዶ ለተጠቃሚው አንድ አድርጎ የሚያቀርብ መሣሪያም ሠርተዋል። ልዩነታቸውን ከአቅማቸው ጋር አመጣጠኑ።

ሁለተኛው የሴንት ኦኤስ ታሪክ ነው። ሬድ ሃት በክፍያ የሚደግፈውን ስርዓት ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችና ድርጅቶች በሴንት ኦኤስ በኩል ያለ ክፍያ ይጠቀሙበት ነበር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 8 ቀን 2020 እስከ 2029 ይደገፋል የተባለው ሴንት ኦኤስ 8 በ2021 መጨረሻ እንደሚቋረጥ ተነገረ። ከሴንት ኦኤስ መሥራቾች አንዱ የሆነው ግሪጎሪ ኩርትዘር ወዲያውኑ ሮኪ ሊኑክስን እንደሚጀምር አስታወቀ፤ ስሙንም ያወጣው በሕይወት ለሌለው የሥራ ባልደረባው ለሮኪ መጎው መታሰቢያ ነው። አልማ ሊኑክስ በመጋቢት፣ ሮኪ ሊኑክስ በሰኔ 2021 ወጡ። ዴቩዋን ሁለት ዓመት ተኩል የፈጀበት ጉዳይ እነዚህን ወራት ብቻ ፈጀባቸው፤ ምክንያቱም ሥራውን ለዓመታት ሲሠሩት የኖሩ እጆች አስቀድመው ነበሩ። በሁለቱም በኩል ፈቃዱ መብቱን ሰጥቷል፤ ፍጥነቱን የወሰነው ግን የተዘጋጀ ሰው ብዛት ነው።

ደቦና ወንፈል

እዚህ ላይ የገበሬውን ዕውቀት እንዋስ። ሁለት ዓይነት የጋራ ሥራ እናውቃለን። በደቦ ባለጉዳዩ ጠላውንና ምግቡን አዘጋጅቶ ወዳጅ ጎረቤቱን ይጠራል፤ በአንድ ቀን ማሳው ይታጨዳል ወይም ቤቱ ይቆማል፤ ሁሉም ተደስቶ ይበተናል። በወንፈል ግን ዛሬ የአንዱ ማሳ ይታረማል፤ ነገ የሌላው፤ ተራው እስኪያልቅ ማንም አይቀርም። በአፋን ኦሮሞ የመጀመሪያውን ጂጊ፣ ሁለተኛውን ዳዶ እንለዋለን።

አዲስ ስርዓተ ክወና ማወጅ የደቦ ሥራ ነው። ስሜት አለው፤ ዘፈን አለው፤ በአንድ ሳምንት ሊጠናቀቅም ይችላል። በየሳምንቱ የሚመጣውን የደኅንነት ማስጠንቀቂያ ማንበብ፣ የተጎዳውን ጥቅል ማረም፣ የተጠቃሚውን አቤቱታ መመለስ፣ የደከመውን ማሳረፍ ግን ወንፈል ነው። የምከራከርለትም ሐሳብ ይህ ነው፦ ፎርክ በደቦ ይወለዳል፤ የሚያድገው ግን በወንፈል ነው።

ወንፈል ሲላላ ምን እንደሚከተል ዓለም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 አይቶታል። ኤክስዜድ የተባለውንና በአብዛኞቹ የሊኑክስ ስርዓቶች ውስጥ የሚገኘውን ትንሽ ፋይል አጥባቂ ፕሮግራም ለዓመታት ይንከባከበው የነበረው አንድ የደከመ በጎ ፈቃደኛ ነበር። በሐሰተኛ ስም የቀረበ «ረዳት» ከሁለት ዓመት በላይ እምነቱን ሲገነባ ቆይቶ ስውር በር አስገባበት። ስውሩ በር በሰፊው ከመሰራጨቱ በፊት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ የኮምፒውተሩ መዘግየት አጠራጥሮት ደረሰበት። ብቻውን የሚያርስ ገበሬ ማሳውን ለማንም እንግዳ ሊተው ይገደዳል።

ለእኛ የቀረበ ምሳሌም አለ። ኬዲኢ የተባለው የሊኑክስ ገጽታ በአራተኛው ትውልዱ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቅ ነበር። ወደ አምስተኛው ትውልድ ሲሸጋገር ግን ያ የቀን መቁጠሪያ ክፍል ለአሮጌ ፕሮግራሞች መሸጋገሪያ ወደ ተደረገ ክምችት ተወስዶ ከዋናው ሥራ ወጣ። ባለቤት ሆኖ ተራውን የሚጠብቅለት ሰው ሲጠፋ ኮድ እንዲህ ይረሳል።

ተቃራኒውም አለ። ዛሬ ማንኛውንም የተለመደ የሊኑክስ ስርዓት ብትከፍቱ፣ ጂሊብሲ በሚባለው መሠረታዊ የፕሮግራም ክምችት ውስጥ የአማርኛ፣ የአፋን ኦሮሞ፣ የትግርኛ፣ የሲዳምኛ፣ የወላይትኛና የሌሎችም ቋንቋዎቻችን የቀንና የወር ስሞችና የገንዘብ አጻጻፍ ይገኛሉ። የአፋን ኦሮሞው ፋይል የተበረከተው በዳንኤል ያዕቆብ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽንና በሰገሌ ኦሮሞ አሳታሚ ድርጅት መሆኑ በፋይሉ ራስጌ ላይ ተጽፏል። እነዚህ ሰዎች አዲስ ስርዓተ ክወና አላወጁም። ከዋናው ግንድ ላይ ሠሩ፤ ስለዚህም ከግንዱ የሚወጣ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ፣ ዴቩዋንም ሆነ ሮኪ፣ ሥራቸውን ይወርሳል።

ከወንጪ የምንማረው

«እኛ ጋ ችሎታው አለ ወይ?» የሚል ሊኖር ይችላል። ከአምቦ በስተደቡብ ባለችው በወንጪና በወለንጪቲ አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ የተባለው ድርጅት ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት አንድሮይድ የተጫነባቸው ታብሌቶች ሰጥቶ ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴና የድርጅቱ ባልደረቦች እ.ኤ.አ. በ2012 እንደተናገሩት፣ ልጆቹ በአምስት ወራት ውስጥ ድርጅቱ የዘጋባቸውን ካሜራ ከፍተው፣ የተቆለፈባቸውንም ገጽታ እንደየፍላጎታቸው ለውጠው ተገኙ። ተናጋሪዎቹ የፕሮጀክቱ ባለቤቶች መሆናቸውን ሳንዘነጋ ታሪኩን ከተቀበልነው፣ የመለወጥ ድፍረት የሰለጠነ ከተማ ንብረት አለመሆኑን ያሳያል። ግን በእጅ ያለውን መሣሪያ መለወጥ አንድ ነገር ነው፤ ለውጡን ጽፎ፣ ምክንያቱን አስረድቶ፣ ለሚቀጥለው ሰው ማስተላለፍ ሌላ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስፈልገው ለዚህ ለሁለተኛው ነው።

ምን እናድርግ?

የአምቦን ስርዓተ ክወና ነገ እናውጅ አልልም። ጎጆ ለመውጣት ሦስት ነገሮች ሊሟሉ ይገባል ብዬ አምናለሁ፦ በነባሩ ቤት ተነጋግሮ ያልተፈታ እውነተኛ ልዩነት፣ ተራውን የሚጠብቅ በቂ ሰው፣ ከአቅም ጋር የተመጣጠነ ጥቂት ለውጥ። የመጀመሪያው ገና አልገጠመንም፤ በቋንቋዎቻችን የሚቀርብ ሥራን አልቀበልም ያለን የለምና። ሁለተኛውን ግን ዛሬውኑ ማዘጋጀት እንችላለን።

አንደኛ፣ በግቢያችን የዴቢያን ወይም የኡቡንቱ ሙሉ ቅጂ የሚያስቀምጥ ሰርቨር እናቁም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ገደማ ሲቋረጥ፣ ማሻሻያ ከውጭ የሚያወርድ ሁሉ ቆሞ ነበር። ቅጂው በአምቦ ካለ ግን የጌዶ ወይም የጉደር መምህር ሃርድ ዲስኩን ይዞ መጥቶ ይወስዳል።

ሁለተኛ፣ የመመረቂያ ሥራ አዲስ ስም ማውጣት ሳይሆን አንድን ጥቅል መንከባከብ ይሁን። አንድ ተማሪ የአፋን ኦሮሞ የፊደል ማረሚያን ይያዝ፤ ሌላው የሊብሬኦፊስን የአማርኛ ትርጉም ያሟላ፤ ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠራችንን ወደ ኬዲኢ ይመልስ። ሲመረቅ ደግሞ ለታናሹ በስም ያስረክብ፤ ያልተረከበ ሥራ አልተጠናቀቀም።

ሦስተኛው ለባልደረቦቼ ነው። በዴቢያን ተቀባይነት ያገኘ እርማት በብዙ ባለሙያ ዓይን ተመርምሮ ያለፈ ሥራ ነው። ለደረጃ ዕድገት ስንገመግም ለእንዲህ ያለው ሥራ ቦታ ካልሰጠን፣ ተማሪዎቻችንን ወንፈል እያስተማርን ራሳችን በደቦ ብቻ እንቀራለን።

አንድ ቀን እውነተኛው ልዩነት ሊገጥመን ይችላል። አንድ ውጭ ያለ ኩባንያ ወይም ኮሚቴ ቋንቋችንን ወይም አሮጌ ማሽኖቻችንን የሚጎዳ ውሳኔ ሊወስን ይችላል። ያን ጊዜ የመለየት መብታችን በፈቃዱ ላይ ተጽፎ ይጠብቀናል። መብቱን ልንጠቀምበት መቻላችን የሚወሰነው ግን በዚያን ቀን ሳይሆን ከዛሬ ጀምሮ ተራችንን በመጠበቃችን ነው።

አሁን ጥያቄዎቻችሁንና ተቃውሞዎቻችሁን፣ በተለይም ከከተሞቹ የመጣችሁትን ባለሙያዎች፣ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።