የጆሮ ማዳመጫን ጃክ ስለ መጠገንና የእጅ ሥራን ስለ ማክበር



በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ አገር ፍቅርና ስለ ትምህርት ጥቅም ሰፊ ነገር አሰምተዋል። የእኛ አርእስት ግን ትንሽ ነው፤ ርዝመቱም ከአንድ ጣት አንጓ አይበልጥም። ይኸውም በጆሮ ማዳመጫ ገመድ ጫፍ ላይ ያለው፣ ሁላችንም ጃክ ብለን የምንጠራው የብረት ዘንግ ነው።

ይህን አርእስት ያለ ምክንያት አልመረጥነውም። በእንግሊዝኛ ቋንቋ መማሪያ ክፍላችን የምንጠቀምባቸው ማዳመጫዎች በየዓመቱ አንድ በአንድ ድምፃቸው እየጠፋ ወደ ዕቃ ቤት ይገባሉ። የቀሩትም ለሁሉ ስለማይበቁ ሁለት ተማሪዎች አንዱን ማዳመጫ ተካፍለው፣ አንዱ በቀኙ ሌላው በግራው ይሰማል። ይህ ለእኛ ለምናየው ብዙ ጉዳት ላይመስል ይችላል፤ ያመለጠንን ከመጽሐፍ አንብበን እናሟላለንና። ዓይነ ስውራን ጓደኞቻችን ግን ብዙውን ትምህርታቸውን የሚያጠኑት በድምፅ ከተቀዳው ነው። ለእነርሱ ማዳመጫ ማለት መጽሐፍ ማለት ነው፤ ሽቦው የተበጠሰ ቀን መጽሐፉ ተዘጋ ማለት ነው።

ስለዚህ እኛ የ12ኛ ክፍል የሳይንስ ክበብ አባሎች በመምህራችን ፈቃድ ከዕቃ ቤት የተከማቹትን ማዳመጫዎች አውጥተን መረመርን። በአብዛኞቹ የተበላሸው ድምፅ የሚሰጠው ክፍል ሳይሆን ጃኩ፣ ወይም ከጃኩ አጠገብ ያለው ሽቦ ሆኖ አገኘነው። ይህ ማለት ደኅና ዕቃ በአንዲት ቀጭን ሽቦ ምክንያት ተጥሎ ነበር ማለት ነው። አባቶቻችን በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚሉት እንዲህ ላለው ነገር ይመስለናል።

ጃክ አዲስ ነገር አይደለም። ትልቁ፣ 6.35 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዓይነት የተገኘው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው፤ በዚያን ጊዜ በስልክ ማዞሪያ ቤት የሚሠሩ ሰዎች የአንዱን ደዋይ መስመር ከሌላው ጋር የሚያገናኙት ይህንኑ ዘንግ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ እየሰኩ ነበር። ዛሬ ሁላችን የምናውቀው ትንሹ 3.5 ሚሊሜትር ሲሆን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ዓ.ም. ዎክማን የተባለው በኪስ የሚያዝ የካሴት ማጫወቻ ለገበያ ከወጣ በኋላ በዓለም ሁሉ ተስፋፋ። አንዳንድ የስልክ ፋብሪካዎች ከ2016 ወዲህ ቀዳዳውን ከስልኮቻቸው አስወግደዋል፤ ሆኖም በኮምፒዩተር፣ በሬዲዮ፣ በመቅረጫና በትምህርት ቤት መሣሪያ ላይ እስከ ዛሬ ያገለግላል።

ጃኩን አተኩሮ ለተመለከተው ዘንጉ አንድ ወጥ ብረት አይደለም። ጥቋቁር ወይም ነጫጭ የፕላስቲክ መስመሮች ይከፋፍሉታል። ሦስት ክፍል ያለው እንደ ሆነ ጫፉ የግራውን ጆሮ ድምፅ፣ መካከለኛው ቀለበት የቀኙን ያስተላልፋል፤ ወደ ገመዱ ያለው እግሩ ደግሞ የሁለቱ የጋራ መመለሻ ነው። ማይክሮፎን ያለበት ማዳመጫ አራት ክፍል አለው። በዛሬዎቹ ስልኮች ዘንድ በተለመደው አሠራር ጫፉ ግራ፣ የመጀመሪያው ቀለበት ቀኝ፣ ሁለተኛው ቀለበት መመለሻ፣ እግሩ ማይክሮፎን ነው፤ በአንዳንድ የቆዩ ስልኮች ግን የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ።

ታዲያ ለምን ይበላሻል? በገመዱ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ከጠጉር የቀጠኑ የመዳብ ክሮች ናቸው። መዳብ በተደጋጋሚ ሲታጠፍ እየደረቀ ሄዶ ይሰበራል። ገመዱም አብዝቶ የሚታጠፈው ልል የሆነው ክፍል ጠንካራውን በሚገናኝበት በጃኩ አንገት ላይ ነው። ከፋብሪካ የወጣው ጃክ በላስቲክ ተደፍኖ የተሠራ ስለ ሆነ ሊከፈትና ሊጠገን አይችልም። በዚህ ላይ እኛ ተማሪዎች ስንነቅል ጃኩን ይዘን በመንቀል ፈንታ ገመዱን እንጎትታለን። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ጃኩን በጣት ይዞ መንቀል ከሁሉ የሚቀድመው ጥገና ነው።

ጉዳቱ የት እንዳለ ለማወቅ ማዳመጫውን ሰክቶ ድምፅ እያሰሙ በመጀመሪያ በጃኩ አንገት፣ ቀጥሎም በጆሮው አጠገብ ገመዱን ቀስ አድርጎ ማጠፍ ነው። ድምፁ የሚመጣና የሚሄድ በጃኩ አንገት ከሆነ በሽታው ታወቀ። አንድ ጆሮ ብቻ ዝም ካለ የዚያ ጆሮ ሽቦ ተቆርጧል። የጋራው መመለሻ ሲበጠስ ደግሞ የሚያስገርም ነገር ይሆናል፤ የሙዚቃው ድምፅ ሲቀር የዘፋኙ ድምፅ ይርቃል። ምክንያቱም የግራውና የቀኙ ድምፅ አንዱ ከሌላው ተቀንሶ ልዩነቱ ብቻ ስለሚሰማ፣ በሁለቱም እኩል የተቀዳው ይጠፋል። ቴስተር ያለው ሰው ከጫፉ እስከ እግሩ፣ ከቀለበቱም እስከ እግሩ ቢለካ ነገሩን ያረጋግጣል፤ የተለመዱት ትናንሽ ማዳመጫዎች ከ16 እስከ 32 ኦም ያህል ያሳያሉ፤ የተቆረጠው ግን ምንም አያሳይም።

አዲስ ጃክ ሲገዛ ርካሹን በላስቲክ የተደፈነ መግዛት ያንኑ በሽታ መልሶ መግዛት ነው። መፈለግ ያለበት ቀፎው ብረት የሆነ፣ በጥርስ የሚፈታና የሚገጠም፣ በውስጡም ሽቦ የሚበየድባቸው ምላሶችና የገመዱን ልብስ አንቆ የሚይዝ መቆንጠጫ ያለው ነው። ይህ መቆንጠጫ ትልቁ ቁም ነገር ነው፤ ገመዱ ሲጎተት ጉልበቱ የሚያርፈው በልብሱ ላይ እንጂ በተበየደው ሽቦ ላይ እንዳይሆን ያደርጋልና። እንዲህ ያለው ጃክ ዳግመኛ ቢበላሽ እንኳ ተፈትቶ ሊበየድ ይችላል። የጃኩ ክፍሎች ቁጥር ከቀድሞው ጋር እኩል መሆኑን፣ የገመዱም ውፍረት ከመግቢያው ጋር መመጣጠኑን አስቀድሞ ማየት ይገባል።

ሥራው እንደሚከተለው ነው። አንደኛ፣ ገመዱን ከተጎዳው ቦታ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲሜትር አልፎ መቁረጥ። ሁለተኛ፣ ከምንም ነገር በፊት የጃኩን ቀፎ በገመዱ ላይ ማጥለቅ፤ ከተበየደ በኋላ አይገባምና። ሦስተኛ፣ የገመዱን ልብስ በምላጭ በጥንቃቄ ገፎ ሽቦዎቹን መለየት። ብዙ ጊዜ ቀዩ የቀኝ፣ አረንጓዴው ወይም ሰማያዊው የግራ፣ መዳብማው መመለሻ ነው፤ ነገር ግን ይህ ሕግ ስላልሆነ በቴስተር ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

አራተኛው ብዙ ጀማሪዎችን የሚያሰናክል ነው። ባለ ቀለሞቹ ሽቦዎች ራቁታቸውን ይምሰሉ እንጂ በቀጭን ቫርኒሽ የተሸፈኑ ናቸው፤ ቫርኒሹ ካልተነሣ ብየዳው አይዝም፤ ኤሌክትሪክም አያልፍም። ስለዚህ ጫፋቸውን በጋለው የመበየጃ ብረት ላይ በቀለጠው ጠብታ ውስጥ ጥቂት ሴኮንድ ማቆየት ወይም በምላጭ ቀስ ብሎ መፋቅ ያስፈልጋል። ቫርኒሹ ሲቃጠል ሽቦው ብርማ ልብስ ይለብሳል፤ ይህም ለብየዳ መዘጋጀቱን ያመለክታል። የጃኩም ምላሶች አስቀድመው እንዲሁ ይዘጋጃሉ።

አምስተኛ፣ ሽቦውን በምላሱ ላይ አስተኝቶ ብረቱን ሁለት ወይም ሦስት ሴኮንድ ብቻ ማስነካት። ከዚህ ቢበልጥ በጃኩ ክፍሎች መካከል ያለው ፕላስቲክ ይቀልጥና ክፍሎቹ ይነካካሉ። ስድስተኛ፣ መቆንጠጫውን በፒንሳ በገመዱ ልብስ ላይ ማጥበቅ፣ በቴስተር መለካት፣ ቀፎውንም መግጠም። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማዳመጥ ይገባል።

በዚህ ሥራ ውስጥ በክፍል የተማርነው ትምህርት በዓይን ይታያል። ቆርቆሮ ብቻውን በ232 ዲግሪ፣ እርሳስ ብቻውን በ327 ዲግሪ ይቀልጣል። 63 እጅ ቆርቆሮና 37 እጅ እርሳስ ሲቀላቀሉ ግን በ183 ዲግሪ ይቀልጣሉ፤ ሁለቱ ተባብረው ከእያንዳንዳቸው በታች ባለ ሙቀት ይሸነፋሉ። ይህን በኬሚስትሪ መጽሐፍ አንብበነው ነበር፤ የገባን ግን በእጃችን ላይ ሲቀልጥ ባየነው ጊዜ ነው።

ታናናሾቻችን ይህን ሥራ ያለ አዋቂ እንዳይጀምሩት እናሳስባለን። ብረቱ 350 ዲግሪ ያህል ይግላል። መስኮት መክፈት፣ ዓይንን በመነጽር መጠበቅ፣ ብረቱን በማስቀመጫው ላይ ብቻ ማኖር፣ እርሳስ መርዝ ስለ ሆነም ከሥራ በኋላ ሳንበላና ሳንጠጣ እጅን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው። የተቃጠለ ጣት ወዲያው በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ይያዝ።

አሁን ወደ ዋናው አሳባችን እንመጣለን። አንዳንድ ሰዎች፣ ከእነርሱም አንዳንዶቹ የሚወዱን ወላጆቻችን ናቸው፣ ዩኒቨርሲቲ ልትገቡ የተዘጋጃችሁ ልጆች ሽቦ ስትበይዱ መዋል ለምን አስፈለጋችሁ ይሉናል። አነጋገራቸው ከፍቅር የመጣ መሆኑን እናውቃለን። ለፈተና የምንደክምበት ጊዜ ውድ መሆኑም እውነት ነው። ነገር ግን የእጅ ሥራ ያልተማረ ሰው ሥራ ነው የሚለው አስተሳሰብ አገራችንን ብዙ ጐድቷታል። ቀጥቃጩንና ሸማኔውን እየናቅን ማረሻውንና ኩታውን ግን ከእርሱ እንፈልግ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማወጃቸው ነውሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበር ያስረዳል። ከእርሳቸውም በፊት አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ከአውሮፓ የመጡ ሚሲዮናውያን የእጅ ጥበበኞች ከአገራችን ሰዎች ጋር ሆነው መድፍ እንዲያቀልጡ አድርገዋል። ንጉሥ ያከበረውን ሥራ ተማሪ የሚንቅበት ምክንያት አይታየንም።

ደግሞም የምንለው ከመጽሐፍ ይልቅ ብረት ይበልጣል አይደለም። ያለ መጽሐፍ ብየዳው ግምት ይሆናል፤ ያለ ብየዳውም መጽሐፉ ቃል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ነገ ሐኪም የሚሆነው ጓደኛችን የተበላሸ መሣሪያ በገጠር ጤና ጣቢያ ሲገጥመው፣ መምህር የምትሆነው እኅታችንም ዝም ያለ ሬዲዮ በክፍሏ ስታገኝ፣ አዲስ እስኪመጣ ዓመት ከመጠበቅ አስቀድመው ለመመርመር ይደፍራሉ።

እንግዲህ ልመናችን ሦስት ነው። ከትምህርት ቤቱ አስተዳደር በቤተ ሙከራው ጥግ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት የመበየጃ ብረትና አንድ ቴስተር ለጥገና እንዲመደብልን እንለምናለን። ከወላጆቻችን በየቤቱ በመሳቢያ ውስጥ የተጣሉትን ማዳመጫዎች እንዲልኩልን እንለምናለን፤ የሚድነው ለዓይነ ስውራን ጓደኞቻችን አስቀድሞ ይሰጣል፤ የማይድነውም ለታናናሾቻችን መማሪያ ይሆናል። ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ በጠረጴዛው ዙሪያ የሚተኩን እንዲወጡ እንለምናለን፤ እኛ በሰኔ እንሄዳለን፤ ገመዶቹ ግን መታጠፋቸውን አይተዉም።