የጎልፍ ሜዳ በኮምፒዩተር፣ ምድሩ ግን የጎጃም



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ለመሐንዲሶች ጉባኤ የማይመጥን መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ የኮምፒዩተር ጎልፍ ተጫዋቹ ሜዳውን ራሱ እንዲነድፍ መፍቀድ ከጀመረ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እ.ኤ.አ. በ1990 በጃክ ኒክላውስ ስም የወጣው ጨዋታ የሜዳ መንደፊያ ነበረው። ሜዳ መንደፍ ደግሞ ተዳፋትን ማንበብ፣ የውሃ መውረጃን ማግኘት፣ ቆረጣና ሙሌትን ማመዛዘን ነው። ይህም የእኛው ሙያ ነው።

እንግዲህ ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን ወደ ጮቄ ተራራ በሚያቀናው ደጋ ላይ አንድ ሜዳ ለመንደፍ ብንነሣ ምን ያስፈልገናል?

መጀመሪያ የምድሩ ከፍታ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን ጉዞዋ ከዓለም የብስ 80 ከመቶ ያህሉን በራዳር ለካች። መረጃው ዛሬ በየ30 ሜትሩ ተከፋፍሎ ያለ ክፍያ ይገኛል። ነገር ግን 30 በ30 ሜትር 900 ካሬ ሜትር ነው፤ ጉድጓዱ ያለበት የተስተካከለ ሣር ብዙውን ጊዜ ከዚህ ያንሳል። ስለዚህ የኳሱን አካሄድ የሚወስነው ትንሽ ዝንባሌ፣ እርከኑም ሆነ ቦዩ፣ በመረጃው ውስጥ አይታይም። ይህን ለማግኘት ሌቭልና ዘንግ ይዞ በእግር መውጣት ግድ ነው።

ሁለተኛው አየሩ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የተመታው ኳስ አነስተኛ ተቃውሞ ስለሚገጥመው ርቆ ይሄዳል። የጨዋታው ስሌት ለባሕር ጠረፍ ብቻ የተዘጋጀ ከሆነ፣ ሜዳችን በመልኩ ጎጃም፣ በጠባዩ ግን ባዕድ ይሆናል።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር መሬቱ ባዶ አለመሆኑ ነው። ባለ18 ጉድጓድ ሜዳ ብዙውን ጊዜ 50 ሄክታርና ከዚያም በላይ ይወስዳል፤ በአገሬው ልክ 200 ጥማድ ገደማ መሆኑ ነው። ይህም የብዙ ገበሬ ቤተሰብ የጤፍ፣ የገብስና የድንች ማሳ ነው። ኮምፒዩተር የማንንም እንጀራ ሳይነካ ሜዳ ይሰጠናል፤ ትልቁ ጥቅሙም ይህ ነው። ሆኖም ራዳሩ የምንጩን ባለቤት፣ የወል ግጦሹን ወሰን፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን የእግር መንገድ አይነግረንም። በስክሪኑ ላይ ባዶ የመሰለውን ኮረብታ በአንድ ጠቅታ መናድ የለመደ ወጣት፣ ነገ እውነተኛ መንገድና ግድብ ሲነድፍ ያንኑ ልማድ ይዞ እንዳይመጣ ያሠጋል።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። ወጣት መሐንዲሶች በዚህ ጨዋታ ይለማመዱ፤ ነገር ግን አስቀድመው ያለውን ማሳ፣ ምንጭና መንገድ በካርታው ላይ ያስፍሩ። ጉድጓዶቹን ከዚያ በኋላ በቀረው ቦታ ይደልድሉ። የደጋው ልጅ ገና ሲጫወት ሩሩን የሚመታው በመስኩ ላይ ነው፤ ለጨዋታ ሲል ያልታጨደ ማሳ አይረግጥም።